ሲስት፣ የወር አበባ መዛባትና ጭንቀት፦ በጎንደር ላለች ወጣት የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

አልትራሳውንድ ተነሥታ «ኦቫሪሽ ላይ ሲስት ይታያል» የተባለች ወጣት ከክሊኒኩ በር ሳትርቅ ሁለት ጥያቄዎች ይይዟታል፤ ካንሰር ይሆን ወይ የሚለውና ልጅ አልወልድ ይሆን ወይ የሚለው። የወር አበባዋ አስቀድሞ የተዛባ ከሆነ ደግሞ ሲስቱንና መዛባቱን ወዲያው አገናኝታ አንዱን የሌላው ማስረጃ ታደርገዋለች። ከዚያ በኋላ ምክሩ ከየአቅጣጫው ይመጣል፦ አንዷ ጓደኛ «ፒልስ ጀምሪ» ትላለች፣ ሌላዋ «አዲስ አበባ ሄደሽ ታዪ» ትላለች፣ ጎረቤት የሚጠጣ ሥር ታመጣለች፣ ስልኩም ሌሊቱን ሙሉ አስፈሪ ቪዲዮ ያቀርባል። ይህ ጽሑፍ አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው ለማን፣ መቼም እንደሚሻል ለማሳየት የተዘጋጀ ነው። የመዘንኩበት መስፈርት አንድ ነው፤ የሚገኘው ውጤት ቀጣዩን እርምጃ የሚቀይር ከሆነ ምርመራው ወይም ሕክምናው ተገቢ ነው፣ ምንም የማይቀይር ከሆነ ግን ገንዘብ ይጨርሳል እንጂ ጭንቀት አይቀንስም።

በቅድሚያ የሚለዩ ሁለት ነገሮች

ኦቫሪ፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻው፣ በየወሩ እንቁላል የሚያድግበት ውሃ የቋጠረ ትንሽ ከረጢት ያዘጋጃል። ይህ ከረጢት ጊዜው ሲደርስ ሳይፈነዳ ማደጉን ከቀጠለ፣ ወይም ከፈነዳ በኋላ ተመልሶ ውሃ ወይም ደም ከቋጠረ፣ በአልትራሳውንድ ላይ ሲስት ሆኖ ይታያል። በወጣት ሴቶች ላይ የሚገኘው አብዛኛው ሲስት ይኸው ነው፤ የሚመጣው ኦቫሪው ሥራውን እየሠራ በመሆኑ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት የወር አበባ ዑደት ባለው ጊዜ ውስጥ ያለ መድኃኒት ይጠፋል። በራሳቸው የማይጠፉ ዓይነቶችም አሉ። ዴርሞይድ የሚባለው በውስጡ ስብ፣ ፀጉር፣ አንዳንዴም ጥርስ ይገኝበታል፤ ኢንዶሜትሪዮማ የሚባለው ደግሞ የቆየ ደም የቋጠረ ሲሆን ከባድ የወር አበባ ሕመም ካለባቸው ሴቶች ጋር ይያያዛል። ሁለቱም ክትትል ይፈልጋሉ እንጂ ካንሰር አይደሉም።

ፒሲኦኤስ (ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም) ከዚህ የተለየ ጉዳይ ነው። እርሱ የሆርሞን መዛባት ሲሆን፣ በምስሉ ላይ የሚታዩት ከ2 እስከ 9 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ፣ እድገታቸው መሃል ላይ የቆመ ጥቃቅን የእንቁላል ከረጢቶች ናቸው፤ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ነገር የላቸውም። በአዋቂ ሴት ላይ ፒሲኦኤስ ነው ለማለት ሌሎች ምክንያቶች ከተጣሩ በኋላ ከሦስት ምልክቶች ሁለቱ መሟላት አለባቸው፦ የወር አበባ መዛባት፣ የወንድ ሆርሞን መብዛት (በደም ምርመራ፣ ወይም በአገጭና በሆድ ላይ በሚወጣ ጠንካራ ፀጉር እና በከባድ ብጉር የሚታወቅ)፣ እንዲሁም የአልትራሳውንዱ መልክ። የወር አበባ ካየች 8 ዓመት ላልሞላት ልጅ ግን የአልትራሳውንዱ መልክ ለዚህ ምርመራ አይቆጠርም፤ በዚያ ዕድሜ ብዙ ከረጢት መታየቱ የተለመደ ነውና። በመሆኑም የ17 ዓመት ተማሪ በአንድ አልትራሳውንድ ብቻ «ፒሲኦኤስ አለብሽ» ብትባል፣ ሌላ ምን እንደታየባት መጠየቅ መብቷ ነው።

የሁለቱ ልዩነት ለምርጫው ወሳኝ ነው። ሲስት ያለባት ሴት የምትከታተለው መጠኑንና መልኩን ነው፤ የወር አበባዋ የተዛባባት ሴት የምትከታተለው ቀኑን ነው። አንዱን ለማዳን የተሰጠ መድኃኒት ሌላውን ላይነካው ይችላል።

በእርግጥ ተዛብቷል?

ሐኪም ጋ ከመሄድ በፊት የሚቀድመው አማራጭ መጻፍ ነው፤ እዚህ ላይ የእኛ የቀን አቆጣጠር ብዙዎችን ያሳስታል። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ፣ በየ28 ቀኑ በትክክል የሚመጣ የወር አበባ በየወሩ ሁለት ቀን እየቀደመ ይታያል። መስከረም 12 የጀመረ ጥቅምት 10 ይመጣል፣ ቀጥሎም ኅዳር 8። ይህን ያየች ልጅ «ቀኑ እየተንሸራተተ ነው» ብላ ትጨነቃለች፤ ዑደቷ ግን እንከን የለበትም። መስከረም 12፣ ጥቅምት 17፣ ኅዳር 22 የሚመጣባትም ቢሆን በ35 ቀን ዑደት ላይ ናት፣ ጤነኛ ነው። ጳጉሜን ሲገባ ደግሞ አምስት ወይም ስድስት ቀን መጨመር ያስፈልጋል። ስለዚህ መቁጠር ያለብሽ የወሩን ቀን ሳይሆን ከአንዱ የመጀመሪያ ቀን እስከ ሌላው የመጀመሪያ ቀን ያሉትን ቀናት ነው።

ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ዑደት የተለመደ ነው፤ የወር አበባ ካዩ ጥቂት ዓመታት ብቻ ለሆናቸው ልጆች እስከ 45 ቀን ሊረዝም ይችላል። ከደብተርና ከስልክ መተግበሪያ የቱ ይሻላል ለሚለው፣ መተግበሪያው ቆጠራውን ራሱ ስለሚሠራ ይቀላል፤ ነገር ግን አብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነና የሚቀጥለውን ቀን በድፍረት ስለሚተነብይ፣ ዑደቷ ለሚለዋወጥ ልጅ ትንቢቱ ራሱ ተጨማሪ ጭንቀት ይሆንባታል። እኔ ደብተሩን እመርጣለሁ፤ ቀኑን፣ በቀን ስንት ሞዴስ እንደተቀየረና ሕመሙ ከትምህርት ወይም ከሥራ አስቀርቶ እንደሆነ መጻፍ ይበቃል። ሐኪሙም የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው።

በዚሁ ደብተር ላይ የሚወሰዱ መድኃኒቶችም መመዝገብ አለባቸው። የድንገተኛ መከላከያው ፖስትፒል የሚቀጥለውን የወር አበባ በቀናት ሊያስቀድም ወይም ሊያዘገይ ይችላል። የሦስት ወሩ መርፌና በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ደግሞ ደሙን ያዛባሉ ወይም ጨርሶ ያስቀራሉ፤ መርፌው ከተቋረጠ በኋላም ዑደቱ እስኪመለስ ብዙ ወራት ሊወስድ ይችላል። ይህ የመድኃኒቱ ጠባይ እንጂ በሽታ አይደለም። ክብደት በፍጥነት መቀነስ፣ የፈተና ሰሞን ውጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ (ታይሮይድ) ችግርና ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን መብዛትም ዑደቱን ያዛባሉ።

መጠበቅ ወይስ መሄድ?

መጠበቅ የሚሻለው ሕመም በሌለበት ወይም ቀላል በሆነበት፣ ዑደቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በላይ ባልተዛባበት፣ እርግዝናም አለመኖሩ በተረጋገጠበት ሁኔታ ነው። በተቃራኒው ለ90 ቀናት የወር አበባ ካልመጣ፣ ከ21 ቀን ባነሰ ጊዜ እየተደጋገመ ከመጣ፣ ከሰባት ቀን በላይ ከፈሰሰ፣ ወይም ድካምና የልብ ምት መፍጠን የሚያመጣ ደም ማነስ ከተጠረጠረ በዚያው ሳምንት መታየት ይገባል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች ደግሞ ጥቂት ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሊዘነጉ አይገባም። ከሆድ በታች በአንድ በኩል ድንገት የሚነሣ ከባድ ሕመም ከማስመለስ ጋር ከመጣ፣ ሲስቱ ኦቫሪውን ይዞት ተጠምዝዞ የደም ሥሩን ዘግቶት ሊሆን ይችላል፤ ኦቫሪውን ለማዳን ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ራስን መሳት፣ ትኩሳት፣ የወር አበባ ቀርቶ የሚመጣ የሆድ ሕመም (ከማህፀን ውጭ የሆነ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል)፣ እንዲሁም በየሰዓቱ አንድ ሞዴስ እየሞላ ለሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ የቀጠለ ደም፣ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ያስኬዳሉ። በእንዲህ ያለ ሌሊት ጠዋት እስኪከፈት ክሊኒክ መጠበቅ ወይም ማስታገሻ ውጦ መተኛት ምርጫ ውስጥ አይገባም።

ጤና ጣቢያ፣ የግል ክሊኒክ ወይስ ሆስፒታል?

ድንገተኛ ላልሆነ የወር አበባ መዛባት የሠፈርሽ ጤና ጣቢያ ጥሩ መነሻ ነው። የእርግዝናና የደም ማነስ ምርመራ እዚያ ይሠራል፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ ይሰጣል፣ ቤተሰብሽ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነም ወደ ሆስፒታል የሚያሻግረው የሪፈር ወረቀት የሚጻፈው ከዚያ ነው። መድን ያላት ልጅ ጤና ጣቢያውን ዘልላ ሆስፒታል ብትሄድ ከኪሷ ልትከፍል ትችላለች። ድክመቱ ሠፈር ውስጥ መሆኑ ነው፤ ካርድ ክፍል ተቀምጠሽ የእናትሽን የዕድር ጓደኛ ልታገኚ ትችያለሽ። ይህ ለአንዳንዷ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሊናቅም አይገባውም፤ ከአዘዞ ተነሥቶ ከተማ ውስጥ ወዳለ ጤና ጣቢያ መሄድም ይቻላል።

የግል ክሊኒክ ፈጣን ነው፤ በአንድ ቀን አልትራሳውንዱም ውጤቱም እጅሽ ይገባል። ነገር ግን አልትራሳውንድ የአንሺው ችሎታ ውጤት ነው፤ «ሲስት» የሚል አንድ ቃል ብቻ የተጻፈበት ወረቀት ለውሳኔ አይጠቅምም። ከመውጣትሽ በፊት መጠኑ በሴንቲ ሜትር፣ በየትኛው በኩል እንደሆነ፣ ውስጡ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሁን ወይስ ግድግዳና ጠጣር ነገር ያለበት፣ የተነሣሽበትም ቀን ከወር አበባሽ ስንተኛው ቀን እንደሆነ እንዲጻፍልሽ ጠይቂ። ለሲስት ተብሎ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲታዘዝ አልፎ አልፎ ይታያል፤ ኢንፌክሽን መኖሩ ካልተነገረሽ በቀር ለምን እንደታዘዘ ጠይቀሽ ተረጂ፤ ፀረ ባክቴሪያ ተራ ሲስትን አያጠፋም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የማህፀን ስፔሻሊስቶችና የቀዶ ሕክምና ክፍል ስላለው፣ መጠኑ ከፍ ያለ ወይም መልኩ የተወሳሰበ ሲስት ላለባት ሴት ተመራጩ እርሱ ነው። ወረፋው ረጅም ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1954 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረና ከዚያ ጊዜ ወዲህ የጤና ባለሙያ ሲያስተምር የኖረ በመሆኑም፣ በምርመራው ክፍል ተማሪዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ሴት ሐኪም እንድታይሽ ወይም ተማሪዎቹ እንዲወጡልሽ በትሕትና መጠየቅ ትችያለሽ፤ ጥያቄው ነውር የለበትም።

በሦስቱም ቦታ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ግንኙነት ፈጽመሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል። የሚጠየቀው ለፍርድ አይደለም። የእርግዝና ምርመራ ማስፈለጉና አልትራሳውንዱ በሆድ በኩል ወይም በብልት በኩል መደረጉ የሚወሰነው በመልሱ ነው። በብልት በኩል የሚደረገው ይበልጥ አጥርቶ ያሳያል፣ ግንኙነት ላልጀመረች ልጅ ግን አይደረግም፤ ለእርሷ ብዙ ውሃ ጠጥቶ ሽንት ይዞ በሆድ በኩል መነሣት በቂ ነው። እናትሽ ወይም ታላቅ እህትሽ አብረውሽ ከገቡና በእርሳቸው ፊት መመለስ ካልቻልሽ፣ «እማዬ፣ ትንሽ ውጭ ጠብቂኝ» ማለት ወይም ነርሷ እንድታስወጣቸው አስቀድሞ መንገር ይሻላል። በዚህ ጥያቄ ላይ የተሰጠ የተሳሳተ መልስ ከማህፀን ውጭ የሆነን እርግዝና እንዲታለፍ ሊያደርግ ይችላል።

ስለ ካንሰር ደም ምርመራም አንድ ነገር ልጨምር። ሲኤ 125 የተባለው ምርመራ በወጣት ሴት ላይ ለሚታይ ተራ ውሃ የቋጠረ ሲስት አያስፈልግም። በወር አበባ ጊዜ፣ በኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን መሰል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም)፣ በእርግዝና፣ በአገራችን ደግሞ በማይረሳው የሆድ ቲቢ ጭምር ከፍ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ ከፍ ማለቱ ብቻውን ካንሰርን አያረጋግጥም። ለማረጋጋት ብለው የሚያሠሩት ብዙዎች ይበልጥ ተደናግጠው ይመለሳሉ።

መጠበቅ፣ እንክብል፣ ሜትፎርሚን፣ ቀዶ ሕክምና

ከ5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ ንጹሕ ውሃ ብቻ የቋጠረና ሕመም የሌለው ሲስት በአብዛኛው ሕክምና አይፈልግም፤ ብዙ ባለሙያዎች ለማረጋገጥ ያህል ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ አልትራሳውንዱን ይደግሙታል። ከ5 እስከ 7 የሆነው ክትትል ይፈልጋል፤ ከ7 በላይ የሆነው ደግሞ ተጨማሪ ምርመራ ወይም ቀዶ ሕክምና ያሳስባል። ሕመሙ ቀላል ከሆነ ኢቡፕሮፌን ይረዳል፣ ጨጓራ ላለባት ግን ፓራሲታሞል ይሻላል።

የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ያለ ቦታው የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። እንክብሉ አሁን ያለውን ሲስት ከመጠበቅ ይልቅ ፈጥኖ እንደማያጠፋው በጥናት ታይቷል። እንቁላል እንዳይወጣ ስለሚያደርግ ግን ሲስት ደጋግሞ ለሚወጣባት ሴት አዲሱን ይቀንስላታል፤ ዑደቱን ያስተካክላል፣ የሚበዛ ደምንና ብጉርን ያቀልላል። የፒሲኦኤስ ዋና ሕክምና የሆነውም ለዚህ ነው። ያላገባች ልጅ ብትወስደው መካን አያደርጋትም። ከእይታ መብለጭለጭ ጋር የሚነሣ ማይግሬን፣ የደም መርጋት ታሪክ ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባት ሴት ግን ኤስትሮጅን ያለበትን እንክብል መውሰድ የለባትም፤ የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲንም ኃይሉን ያዳክመዋል። ስለዚህ ከጓደኛ ተቀብሎ ከመጀመር ከጤና ጣቢያ ተጠይቆ መውሰድ በብዙ ይሻላል።

እንክብል በየቀኑ መዋጥ የማትፈልግ ፒሲኦኤስ ያለባት ሴት ፕሮጀስትሮን መሰል መድኃኒት ቢያንስ በየሦስት ወሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ወስዳ ደሙ እንዲመጣ ማድረግ ትችላለች። ይህ የሚደረገው ለወግ አይደለም፤ ለብዙ ወራት ደም ሳይወርድ ሲቀር የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን እየወፈረ ስለሚሄድ ለረጅም ጊዜ መተው አይገባም። የስኳር በሽታ መድኃኒቱ ሜትፎርሚን የስኳር ችግር ወይም የክብደት መጨመር ላለባት የፒሲኦኤስ ታማሚ ይጠቅማል፣ ለተራ ሲስት ግን ምንም አይሠራም። መጀመሪያ ላይ ሆድ ያውካልና ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ ጾመኛዋ በባዶ ሆድ ከምትውጠው ሰዓቱን ከሐኪሟ ጋር ተነጋግራ ጾም ከሚፈታበት ማዕድ ጋር ብታደርገው ይስማማታል።

ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ የሚጠየቀው ዋናው ነገር የሚወጣው ሲስቱ ብቻ ነው ወይስ ኦቫሪውም ጭምር የሚለው ነው። በወጣት ሴት ላይ በተቻለ መጠን ኦቫሪውን ማትረፍ የተለመደ ነው፤ በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራው ላፓራስኮፒ ከተገኘም ማገገሙ ይፈጥናል። አንድ ኦቫሪ የቀራት ሴትም ታረግዛለች፤ ፒሲኦኤስ ያለባቸውም አብዛኞቹ፣ አንዳንዶቹ በመድኃኒት ታግዘው፣ ይወልዳሉ።

የሚጠጣ ሥር፣ ጠበልና የሌሊቱ ስልክ

የሚጠጣ ሥር ሲስት አጠፋ የሚለው ወሬ የሚበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አብዛኛው ሲስት በሦስት ወር ውስጥ በራሱ ስለሚጠፋ፣ በዚያ ጊዜ የተጠጣው ሁሉ ምስጋናውን ይወስዳል። መጠኑ ያልታወቀ ሥር ጉበትንና ኩላሊትን ሊጎዳ፣ ፅንስ ካለም ሊያሰናክል ስለሚችል አልመክረውም።

ጠበልን ከዚህ ጋር አልደምረውም። መጠመቅ መድኃኒት ከመውሰድ ጋር አይጋጭም፤ ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ስለ ኤችአይቪ መድኃኒት በአደባባይ ሲናገሩ ሁለቱ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ አስረድተው ነበር። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው «መድኃኒቱን አቁሚ» ከሚል ምክርና ደም የሚበዛባት ልጅ ምግብ ሳትቀምስ ሰንብታ ደም ማነሷን ከማባባሷ ነው። ምስርና ጥቁር ጤፍ ከሎሚ ጋር መብላት፣ ቡናና ሻይን ከምግብ ጥቂት ሰዓት ማራቅ ብረት እንዲመጠጥ ይረዳል፤ ደም ማነሱ ከተረጋገጠ ግን ምግብ ብቻ ስለማይበቃ የብረት እንክብል ያስፈልጋል።

ለማን መንገር የሚለው ምርጫ ከመድኃኒቱ ባልተናነሰ ጭንቀቱን ይወስናል። ቡና ላይ ለተሰበሰቡት ጎረቤቶች መንገር አሥር ዓይነት ምክርና አንድ ዓይነት ወሬ ያመጣል፤ «ያላገባች ልጅ ማህፀን ሐኪም ቤት ምን ትሠራለች» የሚል ሰው ከመካከላቸው አይጠፋም። ለማንም አለመንገር ደግሞ ድንገተኛው ሕመም በሌሊት ሲነሣ ማን እንደሚያደርስሽ ሳይታወቅ መቅረት ነው። አንድ ሰው፣ ታላቅ እህት ወይም አክስት፣ ወረቀቱ የት እንደተቀመጠና አደገኛ ምልክቶቹ ምን እንደሆኑ ቢያውቅ ይበቃል። ስልኩን በተመለከተ፣ ሌሊት መፈለግን ትቶ ጥያቄውን በዚያው ደብተር ላይ ጽፎ ለቀጠሮው ማሳደር ይሻላል። ጭንቀቱ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ፣ ወይም ሕይወትን ማጥፋት እስከማሰብ ካደረሰ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማየት ራሱን የቻለ ሕክምና ነው፤ ያን ዓይነት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ለሚቀርብሽ ሰው ነግረሽ አብራችሁ ሂዱ።

ሁለተኛው አልትራሳውንድ

ድጋሚ ምርመራው ቢቻል ደሙ ከቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት፣ ማለትም ከዑደቱ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ በኋላ የዚያ ወር አዲስ ከረጢት ስለሚያድግ እርሱ ራሱ ሲስት ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የመጀመሪያውን ወረቀት ይዘሽ፣ ቢቻል እዚያው ቦታ ተነሺ፤ በሁለት አንሺዎች መካከል የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት «አድጓል» አያሰኝም። ሲስቱ ከጠፋ ክትትሉ እዚያ ላይ ያበቃል፤ የወር አበባው ግን አሁንም የተዛባ ከሆነ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ምርመራ የሚታሰብበት ጊዜ ነው። መጠኑ ሳይለወጥ መልኩም ንጹሕ ሆኖ ከቀጠለ፣ እንደ መጠኑ ከስድስት ወር ወይም ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና ለማየት ቀጠሮ ይያዛል። ካደገ ወይም በውስጡ ጠጣር ነገር ከታየ ግን፣ ወረቀቶቹን በሙሉ ይዞ የማህፀን ስፔሻሊስት ማግኘት ነው።